ኤንክሃይዘን ወደብ ዳር ማደር፦ እናቴን ይዤ ልሂድ ወይስ አምስተርዳም ይሻላል?

ፍራንክፈርት_ነዋሪ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ጀርመንን ከዚህ በፊት አይታለች፤ አሁን ሆላንድን ላሳያት አስቤያለሁ። የአምስተርዳም ሆቴሎችን ዋጋ ሳይ ደነገጥኩ። ግርግሩም ለእሷ የሚሆን አይመስለኝም።

ሥራ ቦታ ያለች የሆላንድ ልጅ ኤንክሃይዘን የምትባል ትንሽ ከተማ ጠቆመችኝ። ወደቡ አፋፍ ላይ ያለ አሮጌ ሆቴል አይቼ ልቤ ሄዷል። መስኮቱ ሲከፈት ጀልባዎቹ ከሥር ናቸው። ግን እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ደግሞ የሐዋርያት ጾም ላይ ነው የሚውለው፣ እሷ አንድም ቀን አታፈርስም።

በባቡር ይደረሳል? ከጣቢያ ሆቴሉ ድረስ መኪና ያስፈልጋል? ጾመኛ ምን ይበላል? ሁለት ሌሊት ማደርስ አያሰለችም? የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሐይቅ_ወዳጅ
እህቴ፣ ሳታመነቺ ሂጂ። እኔ የምኖረው ሆርን ነው። ኤንክሃይዘን በባቡር ከእኔ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአምስተርዳም ዋናው ባቡር ጣቢያ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በየግማሽ ሰዓቱም ባቡር አለ። ኤንክሃይዘን የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነች ጣቢያው ያልፈኛል ብለሽ አትሰጊም። ሐዲዱ የሚያልቀው ውሃው አጠገብ ነው። ከባቡር ወርደሽ ቀና ስትይ የጀልባ ምሰሶ ነው የምታዪው። ወደብ ዳር ያሉት ሆቴሎች በእግር ቅርብ ናቸው፣ መንገዱም ሜዳ ነው። የእናትሽን ጉልበት የሚፈትነው የጡብ ንጣፉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተረከዝ የሌለው ጫማ ይኑራት።

ለባቡሩ የባንክ ካርድሽን በሩ ላይ ማስነካት ይበቃል፤ ስትወርጂም እንደገና ማስነካት አለብሽ። ግን በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይገባም። እናትሽ የራሷ ካርድ ከሌላት ትኬት ለብቻ ግዢላት።

አሁን ዋናው ነገር። ሆቴሉ ወደብ ዳር ነው ማለት ክፍሉ ወደብ ያያል ማለት አይደለም። ሕንፃው ውሃው ላይ ይሆንና የተሰጠሽ ክፍል የጓሮ ብስክሌት ማቆሚያ የሚያይ ይሆናል። የወደብ እይታ የሚለው በክፍሉ ስም ላይ መጻፉን አረጋግጪ። የዋጋ ልዩነቱን ክፈዪ፤ የምትሄጂው ለዚያ ነውና።

ሁለተኛ፣ ሊፍት። የድሮ የሆላንድ ቤቶች ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ ገመድ ይዘሽ የምትወጪበት ሁሉ አለ። ድረ ገጹን አትመኚ፣ ደውዪ። ሊፍት አለን ካሉሽ እንኳ እሱ ጋ ለመድረስ ስንት ደረጃ እንዳለ ጠይቂ።

ቁጥብ_መንገደኛ
እኔ ትንሽ ልቃወም። የትናንሽ ከተሞች ሆቴል ርካሽ ነው የሚባለው አሁን ብዙም አይሠራም። ከጥር 2026 ጀምሮ በሆላንድ በሆቴል አዳር ላይ ያለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ9 በመቶ ወደ 21 በመቶ ወጥቷል። የቱሪስት ግብር የሚባለው ደግሞ በሰው በሌሊት ለብቻው ይታሰባል፣ መጠኑን የሚወስነው የየከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። ብዙ ቦታ ቁርስም ከዋጋው ውጭ ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ድምር እይና ወስኚ።

ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ከተማዋን በግማሽ ቀን ትጨርሻታለሽ። ለምን ሁለት ሌሊት?

ሐይቅ_ወዳጅ
ወንድሜ፣ የዋጋው ነገር ልክ ነው፣ እህታችን ልብ ትበል። በአዳሩ ግን አልስማማም።

ቀን ላይ የምታያት ኤንክሃይዘን የጎብኚዎች ናት። ሙዚየሙ ሲዘጋ አብዛኛው ሰው ባቡሩን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው ከተማዋ ራሷን የምትሆነው። ሰዉ ወንበሩን አውጥቶ ደጁ ላይ ይቀመጣል። ባለ ሸራ መርከቦቹ ከሐይቁ ተመልሰው ሲታሰሩ ታያለህ። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ከእራት በኋላ ሙሉ ምሽት ይተርፍሃል። አምስተርዳም ተመልሶ የሚተኛ ሰው ይሄንን ምሽት ባቡር ውስጥ ነው የሚያሳልፈው።

ሐይቁ ከከተማዋ በምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትወጣው ከውሃው ላይ ነው። እናቶቻችን ደግሞ በማለዳ የሚነሡ ናቸው። ይሄ ለእሷ የተሠራ ነው የሚመስለው።

መስኖ_መሐንዲስ
ልጆቼ፣ እኔም ልጨምር። ዴልፍት ውሃ ምህንድስና ስማር ነው ያንን አካባቢ ያወቅኩት። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ልጄ፣ እናትሽን መስኮቱ ጋ ስታስቀምጫት ይሄንን ንገሪያት። የምታየው ውሃ ዛይደርዜ የሚባል ባሕር ነበር። የሰሜን ባሕር ክንድ ነው፣ ጨው ያለው፣ ሞገድ ያለው። በጥር 1916 ማዕበል ግድቦቹን ሰብሮ ብዙ መንደር አጥለቀለቀ። ኮርኔሊስ ሌሊ የሚባል መሐንዲስ ባሕሩን ከአፉ ላይ እንዝጋው የሚል እቅድ ከዚያ በፊት አውጥቶ ነበር። ከጎርፉ በኋላ፣ በ1918፣ እቅዱ ሕግ ሆነ። ሌሊ ራሱ ያኔ ሚኒስትር ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1932 የ32 ኪሎ ሜትሩ ግድብ የመጨረሻው ክፍተት ተደፈነ። አይሰል የሚባለው ወንዝ ከላይ እየገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨዉን አጠበው። ዛሬ አይሰልሜር የሚባል የጣፈጠ ውሃ ሐይቅ ነው፤ ሕዝብ ይጠጣዋል፣ እርሻ ይለማበታል።

ጎርፉ ቆመ። ግን የባሕር ዓሣውም አብሮ ሄደ። በዳርቻው ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች ሥራቸውን አጡ። ግድቡ ሲሠራ ያለቀሱ ሰዎች እንደነበሩ አስተማሪዎቻችን ሳይደብቁ ነበር የሚነግሩን። እኔ በሙያዬ ግድብ የምወድ ሰው ነኝ፤ የከፈሉትን ሰዎች ግን መርሳት አልወድም።

አሁን ስለ ከተማዋ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኤንክሃይዘን ትልቅ የሄሪንግ ዓሣ ወደብ ነበረች። አርማዋ ላይ እስከ ዛሬ ሦስት ሄሪንግ አሉ። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚባለው የሆላንድ የባሕር ማዶ ንግድ ድርጅት ከነበሩት ስድስት ቅርንጫፎች አንዱ እዚያ ነበር፣ ነዋሪዋም ከ20 ሺህ ያልፍ ነበር። ኋላ ወደቡ በደለል ተሞላ፣ ንግዱም ወደ አምስተርዳም ሄደ። ሕዝቡ እየቀነሰ እየቀነሰ ወደ ሩብ ግድም ወረደ። ባዶ የቀሩት ቤቶች ፈረሱ። የተረፉትን አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ባለገንዘብ ግን አልመጣም። ዛሬ የምንወደው የድሮ ወደብ እንዳለ የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሆቴሎቹ ካሉባቸው ቤቶች አንዳንዶቹ የዚያ ዘመን የነጋዴና የመጋዘን ቤቶች ናቸው።

ወደቡ አፍ ላይ ድሮመዳሪስ የሚባል ወፍራም ግንብ ታያላችሁ። በ1540 ወደቡን ለመጠበቅ የተሠራ ነው። በላዩ ሔሞኒ ከሚባሉት ደወል ሠሪ ወንድማማቾች ቤት የወጡ ደወሎች አሉ፣ በዘመናቸው እነሱን የሚስተካከል አልነበረም። ክፍላችሁ ቅርብ ከሆነ ዜማውን በደንብ ትሰማላችሁ።

ጣና_ማዶ
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እዚያ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቅኩት ይሄ ሐይቅ ከጣና ይበልጣል ወይ ብዬ ነው። አይበልጥም፤ አይሰልሜር 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጣና 3,000 አካባቢ። ነገር ግን ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ያስፈራል። ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ፣ በአማካይ 5 ሜትር አካባቢ፣ ሞገዱ አጭርና ተደጋጋሚ ነው የሚሆነው። ለእናትሽ የጀልባ ጉዞ ካሰብሽ የነፋሱን ትንበያ አይተሽ ይሁን።

ታሪክ_ጫሪ
ስለ ኤንክሃይዘን ከተነሣ ይሄ መቅረት የለበትም። ያን ሃይኽን ፋን ሊንስኾተን እዚያ ነው ያደገው፣ በ1611 የሞተውም እዚያ ነው። በ1580ዎቹ ሕንድ አገር ጎዋ ውስጥ የፖርቱጋል ሊቀ ጳጳስ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። ሲመለስ በ1596 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ሆላንዶች ወደ ሕንድ ውቅያኖስ እንዲሄዱ መንገድ ከፈተ።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የእኛ ሰዎች አሉ። ጎዋ ውስጥ ያያቸውን ሐበሾች ይገልጻል። በመርከቦቹ ላይ በባሕረኛነት ያገለግሉ እንደነበር፣ ክርስቲያኖቹ ፊታቸው ላይ የመስቀል ዓይነት የተተኮሰ ምልክት እንደነበራቸው ጽፏል። ስለዚህ በዚያች ወደብ ስለ ሐበሻ ማውራት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። እናትሽ ይሄንን ብትሰማ ደስ የሚላት ይመስለኛል።

የዩትሬክት_እናት
ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ፣ የኔ እህት። አትጨነቂ።

የሆላንድ ሆቴል ቁርስ ዳቦ፣ አይብ፣ ካም፣ እንቁላልና እርጎ ነው። ከዚያ ውስጥ ለጾመኛ የሚሆነው ዳቦው፣ ማርማላታው፣ የኦቾሎኒ ቅቤውና ፍራፍሬው ነው። ከፖም የሚሠራ ጥቁር ወፍራም ሽሮፕም አለ፣ ዳቦ ላይ ይቀባል፣ በጣም ይጣፍጣል። ሆላንዶች ዳቦ ላይ የሚነሰንሱት ሃኽልስላኽ የሚባል የቸኮሌት ፍርፋሪ አለ። ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ወተት የለበትም፣ ግን ማሸጊያውን አንብቢ። ዳቦውንም ቅቤ ወይም ወተት ይኑርበት አይኑርበት ጠይቂያቸው። አያፍሩም፣ አይቆጡም፤ ወተትና እንቁላል የማይበላ እንግዳ ለምደዋል።

እናትሽ እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ደግሞ ቁርሱን ቋጥሩልን በያቸው። ማታ ከነገርሻቸው ብዙዎቹ በወረቀት ከረጢት ያዘጋጃሉ። አለበለዚያ የእሷን ቁርስ አትክፈዪ።

ዓሣ በጾም ትበላለች ወይ የሚለውን እሷን ጠይቂ፣ በዚህ መድረክ ጭቅጭቅ አናንሣ። ብትበላም ባትበላም ግን አንድ ነገር ልብ በይ። በዚያ ሀገር በየወደቡ በጭስ የደረቀ ዓሣ ይሸጣል፣ ታዋቂው ፓሊንግ የሚባለው ነው። እሱ እባብ የሚመስለው ዓሣ ነው። እናቶቻችን ቅርፊት የሌለውን አይነኩም። ቀድመሽ ንገሪያት፣ ሰው ፊት እንዳትደነግጥ።

እራት በጊዜ ብሉ። በትናንሽ ከተሞች ወጥ ቤቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ይዘጋል። ሰኞና ማክሰኞ ጭራሽ የማይከፍቱ ምግብ ቤቶችም አሉ።

ዘር_አጣሪ
በአጭሩ፦ ኤንክሃይዘን የአትክልት ዘር ከተማም ናት። ትልልቅ የዘር ኩባንያዎች እዚያና በአካባቢው ናቸው። ለሥልጠና የሚመጡ ሰዎች የሆቴል ክፍሎቹን በሥራ ቀን ይሞሉታል። እኔ ለሥራ ሄጄ ረቡዕና ሐሙስ ክፍል ያጣሁበት ጊዜ ነበር። እሑድ ማታ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። በዚህ ተጠቀሚ።

ደቡብ_ወራጅ
እኔ ሌላ አማራጭ ላምጣ፣ ምናልባት ለሌላ ጊዜ። ዜላንድ በሚባለው የሆላንድ ደቡብ ምዕራብ ክፍለ ሀገር ፌረ የምትባል ከተማ አለች። እሷ ደግሞ ከስኮትላንድ ጋር ባላት የሱፍ ንግድ የከበረች ነበረች፣ የስኮቶች ቤቶች የሚባሉት እስከ ዛሬ ወደቡ ላይ ቆመዋል። ወደቡ ጫፍ ላይ ካምፕፌርሰ ቶረን የሚባል የድሮ የመከላከያ ግንብ አለ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ቆይቷል።

እዚያም ታሪኩ ይመሳሰላል። በ1953 ጎርፍ ሆላንድ ውስጥ 1,836 ሰው ሞተ፤ ዜላንድ ክፉኛ ተመታች። ከዚያ በኋላ በ1961 የፌረ የባሕር መውጫ ተዘጋ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹም ሌላ ወደብ ሄዱ። ዛሬ ያለው ሐይቅ ነው። ከፍራንክፈርት ለሚመጣ ግን ይርቃል፤ ባቡሩ እስከ ሚደልበርግ ነው፣ ከዚያ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል።

ፎለንዳም የምትባል የወደብ ከተማም አለች። ሆቴል ስፓንደር ከ1881 ጀምሮ ሠዓሊዎች ያረፉበት ነው፣ ግድግዳዎቹ እነሱ በተዉት ሥዕል ተሞልተዋል። ሥዕል የሚወድ ሰው ይሂድ። ቀን ላይ ግን የጎብኚ ብዛቱ ለእናት የሚሆን አይደለም።

ፍራንክፈርት_ነዋሪ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኤንክሃይዘን ወስኛለሁ። እሑድና ሰኞ ማታ ያዝኩ፣ ዋጋው በእርግጥ ቀንሷል። ደውዬ ስለ ሊፍቱ ጠየቅኩ፦ ሊፍት የላቸውም፣ ግን አንደኛ ፎቅ ላይ ወደቡን የሚያይ ክፍል ሰጡኝ፣ ደረጃውም ሰፊ ነው አሉ። መጥቼ እነግራችኋለሁ።

ፍራንክፈርት_ነዋሪ
እንደ ቃሌ ተመልሻለሁ።

ከጣቢያው ሻንጣ እየጎተትን በእግራችን ሄድን። እማዬ አራት ጊዜ ቆማለች፣ ግን በጉልበቷ አይደለም፤ ጀልባ ለማየት ነው። ክፍሉ ትንሽ ነው። ጣሪያው ላይ አሮጌ የእንጨት ግንዶች አሉ፣ ወለሉ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። አልጋው ንጹሕ፣ ሻወሩ ጥሩ ነው። ሴትየዋ ክፍሉን ስታሳየን የእማዬን ሻንጣ ራሷ ተሸክማ ወጣች። እማዬ መርቃታለች፣ በአማርኛ። ሴትየዋም የገባት ይመስለኛል፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች።

ጋሼ መሐንዲሱ ያሉትን ሁሉ ነገርኳት። ባሕር እንደነበር፣ እንደዘጉት፣ ጨዉ እንደሄደ። ዝም ብላ ሰማችኝና “ዓሣ አስጋሪዎቹን ካሳ ከፈሏቸው?” አለችኝ። መልሱን ለማግኘት ሙዚየም ሄድን።

ዛይደርዜ ሙዚየምን ለብቻው ልጽፍበት ይገባል። የውጪው ክፍል በ1983 የተከፈተ ነው። ከዛይደርዜ ዙሪያ የተሰበሰቡ ከመቶ በላይ ቤቶችና ሱቆች መንደር ሆነው ተተክለዋል። ከጣቢያው አካባቢ በጀልባ ነው የሚገባው፣ እማዬ ይሄንን ጉዞ ወደደችው። ዓሣ የሚያጨሱበት ቤት አለ፣ ገመድ የሚገምዱበት አለ። ገመዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሰውዬው ክሩን እንዴት እንደሚያከር አይታ በእጇ እያሳየች አወራችው። እኔ ማስተርጎም አቃተኝ፣ ሁለቱ ግን ተግባቡ። ስለ ካሳውም ጠየቅን። ለዓሣ አስጋሪዎቹ ድጋፍ የሚሰጥ ሕግ በ1925 ወጥቶ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ለብዙዎቹ የሚበቃ አልነበረም። እማዬ “እንደ ፈራሁት” አለች።

ሁለተኛው ምሽት ነፋስ ነበር። የጀልባዎቹ ገመድ ምሰሶውን እየመታ ሌሊቱን ሙሉ ይንኳኳል። እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰው የጆሮ መድፈኛ ያስፈልጋል። የባሕር ወፎቹም ገና ሳይነጋ ይጮኻሉ። እኔ ተቸግሬያለሁ። እማዬ ለጸሎት ተነሥታ ስለነበር ግድ አልሰጣትም፤ ፀሐይዋ ከውሃው ላይ ስትወጣ አይታለች፣ ቀስቅሳም አሳይታኛለች።

ምግቡ እህታችን እንዳለችው ነው። ጥቁሩን ሃኽልስላኽ ገዝታ ለልጅ ልጆቿ ይዛ ሄዳለች። ሰኞ ማታ ግን ምግብ ቤቶቹ ብዙዎቹ ዝግ ስለነበሩ የጾም ምግብ ፍለጋ ተንከራተናል። በመጨረሻ ከሱፐርማርኬት ዳቦ፣ ቲማቲምና አቮካዶ ገዝተን ወደቡ ዳር አግዳሚ ላይ በላን። እሑድና ሰኞ የምትይዙ ሰዎች ይሄንን አስቡበት።

ቁጥብ መንገደኛ ላነሣው ጥያቄ ደግሞ፦ ሁለት ሌሊት አልበዛም። በመጀመሪያው ቀን መንገዱን ስትለምዱ ነው የምታሳልፉት። በሁለተኛው ቀን ቡና የምትጠጡበትን ቦታ ታውቁታላችሁ፣ ሰዎቹም ሰላም ይሏችኋል።

ቁጥብ_መንገደኛ
እህቴ፣ አሳምነሽኛል። እኔና ባለቤቴ ነሐሴ ላይ ከልጆቹ ጋር እናስባለን። ለልጆች ምን አለ? ወደቡ አጥር ከሌለው ትንሽ ፈራሁ።

ሐይቅ_ወዳጅ
አጥር የለውም፣ እውነት ነው። ውሃው ከመንገዱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የሆላንድ ልጆች ገና በልጅነታቸው ዋና ስለሚማሩ ወላጆቹ አይሰጉም፤ ልጆችህ ዋና ካልቻሉ ግን እጃቸውን ያዝ፣ ወይም ከወደቡ ትንሽ ገባ ያለ ሆቴል ምረጥ።

ልጆች የሚወዱት የሦስት ማዕዘኑን ጉዞ ነው። ከሆርን እስከ ሜደምብሊክ በድሮ የእንፋሎት ባቡር፣ ከሜደምብሊክ እስከ ኤንክሃይዘን በመርከብ፣ ከዚያ በመደበኛው ባቡር መመለስ። ሙሉ ቀን ይፈጃል። በአውሮፓ የብርድ ወራት አይሠራም፣ ነሐሴ ላይ ግን አለ። መቀመጫ ቀድመህ ያዝ። ሆርን ላይ ስትደርስ ጻፍልኝ፣ ጣቢያው ቅርብ ነኝ፣ ልጆቹን ቡና ሳይሆን ጭማቂ እጋብዛቸዋለሁ።